ሌት

ፒያሳ፣ ከሰዓት አዳሹ ሱቅ በላይ ባለው ፎቅ፣
ጣውላው «ሲጥ» እያለ ከእግር ሥር የሚሳቀቅ፣
ሰኞና ረቡዕ ማታ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤
ጠመኔ እየዋጥኩ እከርማለሁ።
ተማሪዎቼ ስምንት ናቸው፣ ዝናብ ከጣለ አምስት፤
ጉግሳ፣ የባንክ ጥበቃ፣ ደብተሩን ተንተርሶ የሚተኛበት፤
ኢክራም፣ ከሞባይል ሱቅ፣ ሁልጊዜ የምትቸኩል፤
እማዋይሽ፣ እጇ በበረኪና የነጣ፣ አንሶላ ስታጥብ የምትውል።

ያን ዕለት ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት አንድ ቅጽል ነበር፤
በነሱ አራት ፊደል፣ በኛ አንድ ትንፋሽ የሚያክል ነገር፦
ሌት።

«ሌሊት ነው?» አለ ጉግሳ፣ ከእንቅልፉ ብንን ብሎ፣
«የኔን ሥራ ነዋ የጻፍከው!» ክፍሉ ሳቀ ተከትሎ።

አይደለም አልኩ። ይኼ «ሌት» ከኛ ሌት አይዛመድም፤
ጨለማ አያውቅም፣ ጨረቃ አያይም፤
የመዘግየት ቅጽል ነው።
ዘ ባስ ኢዝ ሌት፦ አውቶቡሱ ቆየ።
ኢክራም ኢዝ ሌት፦ (አዎ፣ ዛሬም።)
ደመወዜ ሌት ነው፦ ይኼን ማንም አልጠየቀ።
እኛ ለጠዋቱ «አረፈደ»፣ ለማታው «አመሸ» ስንል፣
ለፈረንጅ ጧትም ማታም ይበቃዋል አንድ ቃል።

ቀጠልኩ፣ ባልቀጥል ይሻለኝ ነበር።
ያው ቃል ግን፣ አልኩ፣ ቦታውን ቢቀይር፣
ከስሙ ኋላ ተነስቶ ከስሙ ፊት ቢሰፍር፣
እኛ «ነፍሱን ይማረውና» ብለን እንደምናስቀድመው፣
ማይ ሌት ሀዝባንድ፦ ያኔ ሰውዬው የዘገየ አይደለም፣ የሞተ ነው።

ከታች ሰዓት አዳሹ ቆርቆሮ በሩን ሲያወርድ ተሰማ።
እማዋይሽ እጇን አወጣች፣ ከነጠላዋ ጫፍ፣ ከጥላ ማማ፦
«የዘገየ ሰው እኮ ይመጣል፣ መምህር፤
ከመቅረት መዘግየት ብለን አይደል የምንተርት በአገር?
ለቀረው ሰው ይኼን ስም የሰጡት ምን አስበው ነው?»

ቋንቋ ነው አልኳት፣
ሐኪም መላው ሲጠፋው «የእግዜር ነገር ነው» እንደሚለው።

እሷ ግን ለራሷ በጣቷ ጠረጴዛው ላይ እየጻፈች፣
እየደመሰሰች፣
«በኛም ሩቅ አይደለም» አለች።
«ባልሽ አረፈ አሉኝ።
አንዲት ‹ደ› ቢጨምሩልኝ፣ አረፈደ ይሆንልኝ ነበር።
አንዲት ፊደል ናት የጎደለችኝ።»

ኋላ ነው የሰማሁት፣ ከኢክራም፣ ደረጃው ላይ፦
ባሏ የአንበሳ አውቶቡስ ሾፌር ነበር፣ የመጨረሻው ዙር ላይ፤
ራቱን በሳህን ከድና፣ ፍሙን በአመድ አልብሳ፣
የጫማውን ኮቴ ከድልድዩ ጀምሮ ለይታ፣ ተነስታ፣
ሃያ ስድስት ዓመት በር ከፍታለታለች።
ማምሸት ያመሽ ነበር። ቀርቶ ግን አያውቅም።

የቤት ሥራው፣ ቅጽሉን በዓረፍተ ነገር ማስገባት ነበር።
ጉግሳ፦ አይ ወርክ ሌት።
(ሌሊት እሠራለሁ ሊል ነው፤ ስቶ መታ፤ ማን ይንገረው።)
ኢክራም፣ ታክሲ ላይ የጻፈችው፣ ፊደሉ እየዘለለ፦
ዘ ታክሲ ኢዝ ሌት።
እማዋይሽ፣ በእርሳስ፣ ሦስት ጊዜ አጥፍታ፣ ወረቀቱ እስኪሳሳ፦
ማይ ሀዝባንድ ኢዝ ሌት።

ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳሁ።
ቃሉን ከስሙ ኋላ ፈልቅቄ ከስሙ ፊት ላቆመው፤
አንድ ቀስት ናት፣ አንዲት ጭረት፤ ስንቱን አርሜ የለ፣ ምን አለው?
ግሱ ልክ ነው። ተርታው ልክ ነው። ነጥቡም በቦታው አለ።
እጄ እዚያው አየር ላይ ዋለለ።
ቀለሙ ጠብ አለ፣ ከኅዳጉ፣ እንደ ምስር ፍሬ።

«ተሳሳትኩ እንዴ?» አለች፣ ደብተሯን ስመልስላት።
«ልክ ነሽ» አልኳት።

ከቸርችል ጎዳና አቅጣጫ አንድ አውቶቡስ ሲያቃስት መጣ፤
መስኮቱ በራ፣ ጠፋ፤ አንገቷን አዞረች፣ ከዚያ መለሰች።
ጠመኔውን ኪሴ ከተትኩ።
ጉግሳ ካፖርቱን ደርቦ፣ ዱላውን አንስቶ፣
ወደ ሌቱ ወረደ።